እንጉዳይ ያወረደችው ድንጋይ

ተረት ተረት ስል የላም በረት ማለት አለ። አላችሁ? ደግ። ላሚቱም ገብታለች፣ በረቱም ተዘግቷል፣ አሁን ያልተዘጋው የእናንተ አፍ ብቻ ነው። እሱን ዝጉልኝና ልጀምር። የዛሬው የጦጣና የጅብ አይደለም። የሚያስቅም አይደለም። ግን ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ፣ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ከአንድ የተቃጠለ ተራራ ግርጌ አንዲት መንደር ነበረች። ተራራው በጥንት ጊዜ እሳት ተፍቶ የበረደ ነው ይሉታል። ድንጋዩ ሁሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሲያዩት ትልቅ፣ ሲያነሱት ቀላል። ሴቶቹ እየሰበሩ ተረከዛቸውን ይፈትጉበት ነበር፣ ለሌላ ለምንም አይሆንም። ይህን ድንጋይ ልብ በሉት፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

በዚያች መንደር እንጉዳይ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ቀድሞ ሞቷል። እናቷም ወንድ ልጅ ወልዳ በአራስነቷ ሞተች። ልጁ አንዳርጌ ይባላል። እንጉዳይ ያኔ ራሷ ልጅ ናት፣ የወተት ጥርሷን ጥላ ያልጨረሰች። ይሁንና ወንድሟን በአንቀልባ አዘለችው። እሹሩሩ እያለች አስተኛችው። ከጎረቤት ወተት እየለመነች አሳደገችው።

አንዳርጌ መራመድ ሲጀምር ወደቀ። መቼም ልጅ ይወድቃል። እንጉዳይ የተሸከመችውን እንጨት ጥላ "እኔን፣ እኔን ወንድምዬ" እያለች ሮጠች። አንስታ አቧራውን አራገፈችለት። ሲያኮርፍ ከፊቱ ተንበርክካ "አፈር ስሆን" አለችው። አልበላም ሲል ከራሷ ድርሻ ጠቅልላ "በሞቴ" እያለች አጎረሰችው። ጅብ ጮኾ ሲፈራ ደረቷ ላይ ሸጉጣ "አይዞህ፣ እኔ አለሁ" አለችው። ልጁ በወተቱም በእነዚህ ቃላትም አደገ።

አንድ ቀን አንዳርጌ ጠየቃት።

"እታለም፣ የምወድቀው እኔ፣ እኔን የምትዪው አንቺ። ለምንድን ነው?"

"ያንተ መውደቅ ለእኔ ይሁን ማለቴ ነው።"

"እኔም ሰው ሲወድቅ ልበል?"

"በል። ግን ተቀምጠህ እንዳትለው። እኔን የሚባለው እየተነሱ ነው። አፈር ስሆን የሚባለው ዝቅ ብለው ነው። በሞቴ የሚባለው ከራስ ጉርሻ ላይ ነው። ቃሉን ብቻ ብትሰጠው ሰውየውን ምን ጠቀመው?"

"እሺ" አለ አንዳርጌ። ልጅ እሺ ማለት ይችልበታል። እናንተም ትችሉበታላችሁ።

አንዳርጌ አደገ። ሲያድግ አንደበቱም አብሮት አደገ። ድምፁ ለስላሳ፣ ቃሉ ቅቤ ሆነ። የት ምን እንደሚባል ያውቃል። ለሐዘንተኛ "እግዜር ያጽናሽ" ብሎ ዝም የሚልበትን ያውቃል። ለተቆጣ ሽማግሌ "አባቴ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ" የሚልበትን ያውቃል። ለግትር ባል "ለእሷ አትበል፣ ለእኔ ስትል" ብሎ ልቡን የሚይዝበትን ያውቃል። ባልና ሚስት ተጣሉ? አንዳርጌ ይጠራ። ወንድማማቾች በድንበር ተቧቀሱ? አንዳርጌ ይጠራ። "እሱ ከመጣማ የተዋጉ ወይፈኖችም ይላላሳሉ" ይሉት ነበር። ጋቢ አለበሱት፣ በቅሎ ሰጡት፣ በደረሰበት ሁሉ ከሽማግሌ በላይ አስቀመጡት። እንጉዳይ ከሩቅ ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። "የእኔ ልጅ እኮ ነው" ትላለች፣ ወንድሜ አትልም።

እሷ አግብታ ነበር። ባሏ ሞተባት። የቀረቻት ዘርትሁን የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ናት። አንዳርጌ ደግሞ ከገበያው ማዶ፣ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንገድ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖራል።

አንድ ጊዜ ክረምት ሊገባ ሲል እንጉዳይ ላከችበት። "ማሳዬ ሳይታረስ ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው። ደቦ ጠርቻለሁ። በሬዎችህን ይዘህ ና።" አንዳርጌ "እመጣለሁ" አለ። አልመጣም። የሆነ ቦታ ዕርቅ ነበረው። ሁሉ ካለቀ በኋላ መጣና ከደጃፏ ዝቅ ብሎ "አፈር ስሆን እታለም" አላት። እንጉዳይ ሳቀች። "ተነስ፣ ጋቢህ ይቆሽሻል" አለችው። ይቅር ተባለ።

በሌላ ጊዜ ዘርትሁንን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሎች መጡ። ልጅቱ አባት የላትም፣ በአባቷ ቦታ የሚቀመጠው አጎቷ ነው። ላኩበት። "እመጣለሁ" አለ። አልመጣም። ሽማግሎቹ ባዶውን መቀመጫ እያዩ ጠላቸውን ጠጥተው "ሰው ሲኖር እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። አንዳርጌ ሰንብቶ መጣ። እንጉዳይ አኩርፋ አልበላም ስትል ጠቅልሎ "በሞቴ" አላት። ጎረሰችለት። አልሳቀችም፣ ግን ጎረሰችለት። ይቅር ተባለ።

አንዳርጌ በበቅሎው ሲመለስ በልቡ እንዲህ አለ። "እንጉዳይ መቼም የእኔ ናት። ባስቀይማትም አባብላታለሁ።" አያችሁ ልጆቼ፣ መድኃኒቱን በእጁ የያዘ ሰው ማቁሰል አይፈራም። የአንዳርጌ ጥፋት እዚህ ላይ ነው የጀመረው፣ እሱ ግን አላወቀውም።

በዚያ አገር ገላው የሚባል ባላባት ነበር። ኩራተኛ ነው። በገበያ መሃል ጎረቤቱን በጥፊ መታው። የተመታው ሰው ወገነ ብዙ ነውና ጦር ሊማዘዙ ደረሱ። አንዳርጌ ተጠራ። ለወራት ሲመላለስ፣ ሲያባብል ከርሞ ሁለቱንም አለዘባቸው። ዕርቁ ተቆረጠ።

የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ይሸከማል። ባዶ እግሩን፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። "አፉ በለኝ" ይላል። ተበዳዩ ልቡ ከራራ "አፉ ብያለሁ" ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ሌላ ሰው አያወርድለትም። ራሱም አያወርድም።

ገላው ይህን ሲሰማ አሻፈረኝ አለ። "እኔ ገላው ድንጋይ ልሸከም?"

አንዳርጌ አሰበ። ከዚያ ከተቃጠለው ተራራ ሰው ልኮ ትልቅ ድንጋይ አስመጣ። ቀዳዳውን በጭቃ አስደፍኖ በፀሐይ አደረቀው። ሲያዩት ሁለት ጎረምሳ የማያነሳው ይመስላል። ሲሸከሙት የሣር እስር አያህልም። ገላው አንስቶ ሞከረውና ሳቀ። "አንተ ብልህ ነህ" አለው።

የዕርቁ ዕለት ማለዳ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ሰንጋው ታርዶ፣ ሕዝቡ እየተሰበሰበ ሳለ ከመንደር መልእክተኛ መጣ። እያለከለከ ነው። አንዳርጌን ወደ ጎን ሳበው።

"ዘርትሁን ሞታለች። ንዳድ ነው፣ በሁለት ቀን ወሰዳት። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። እህትህ 'ወንድሜ ሳይመጣ አፈር አታልብሱብኝ' ብላለች።"

አንዳርጌ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰም። ዋሽቶ አላለቀሰም፣ ልጅቱን ይወዳት ነበር። በቅሎው ከደጅ ታስሯል። ቢነሳ ይደርሳል። ገላው ግን እጁን ያዘው። "አንተ ከሌለህ ያ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ደም ይፈሳል። ትንሽ ብቻ ቆይ።"

አንዳርጌ በቅሎውን አየ። ዳሱን አየ። በልቡም እንዲህ አለ። "እንጉዳይ መቼም የእኔ ናት። አባብላታለሁ።"

ቆየ። ዕርቁ ሆነ። ተበዳዩ ድንጋዩን ሲያወርድ ቅንድቡ ተነሳ፣ ግን ጠቡ ሰልችቶት ነበርና ዝም አለ። ከዕርቁ በኋላ ግብሩ መጣ። ከግብሩ በኋላ ሽልማቱ። አንዳርጌን ካባ አለበሱት። ካባ ለብሶ ወዲያው መነሳት ነውር ነው አሉት፣ ተቀመጠ። በዚያ በኩል እንጉዳይ ቃሬዛውን ይዛ "ይመጣል፣ ጥቂት ጠብቁኝ" ትል ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቁላት። ከዚያ በላይ አስከሬን አይቆይም። ቀበሩ።

አንዳርጌ በማግስቱ ደረሰ። ካባውን መንገድ ላይ አውልቆ ኮርቻው ሥር ሸጎጠው። ከደጅ ጀምሮ እያለቀሰ ገባ። "እኔን እታለም፣ እኔን ያርገኝ" እያለ። እንጉዳይ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል። ቀና ብላ አየችው።

"አፈሩ ደርቋል" አለችው። "ሄደህ እየው።"

 ሐዘኑ ሲያበቃ በሯን ዘጋችበት።

አንዳርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጠረው። ቢሆንም ሥራው ነውና መላ መታ። መጀመሪያ ሽማግሌ ላከ። የሚሉትን ሁሉ አስጠንቶ ላካቸው። እነሱም ከእንጉዳይ ደጅ ተቀምጠው እንደ ተማሩት አሳምረው ተናገሩ። እንጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ እንዲህ አለች።

"ቃሉ የወንድሜ ነው፣ አውቄዋለሁ። እግሩስ የማን ነው?"

ሽማግሎቹ እግራቸውን እያዩ ተመለሱ።

ሁለተኛ ራሱ ሄደ። በተዘጋው በር ሥር ተቀምጦ ማባበል ያዘ። አፈር ስሆን አለ። በሞቴ አለ። ያሳደግሽኝ አለ፣ በእናታችን አጥንት አለ። ያንን ሁሉ ሰው የለዘበበትን ቃል አንድ በአንድ አወጣው።  ፀሐይዋ ከበሩ ላይ ስትሸሽ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"አንዳርጌ፣ እነዚህን ቃላት ከየት አመጣሃቸው?"

"ካንቺ ነው እታለም።"

"ስሰጥህ ሙሉ ነበሩ" አለችው። በሩ አልተከፈተም።

በመንደሩ አባ ምትኩ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አንዳርጌ ወደ እሳቸው ሄዶ አለቀሰ። እሳቸውም እንዲህ አሉት።

"አንተ ልጅ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማህም? ያንተ ደግሞ ከአፍ ወለምታም ይብሳል። የቀረኸው ከቀብር ነው። ድንጋይ ተሸከም። ስታነሳ ግን በደልህን የሚያህል አንሳ።"

አንዳርጌ ወንዝ ወረደ። አንድ ጥቁር ድንጋይ መረጠ። አቅፎ አነሳው። ወገቡ ተንቀጠቀጠ፣ ማጅራቱ ላይ ሲያደርገው አንገቱ ቋ አለ። ጥቂት ተራመደና ጣለው። ቁጭ ብሎ አሰበ። "ሰው የሚያየው የድንጋዩን መጠን ነው። ክብደቱን ማን ያየዋል? ዋናው መዋረዴ ነው፣ መምጣቴ ነው።" ራስን ማባበል ይችልበት ነበር፣ የሰው ማባበያ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው በባለቤቱ ላይ ነው። ተነስቶ ወደ ተቃጠለው ተራራ ሄደ። ገላው ከተሸከመው የሚበልጥ ቀዳዳ ድንጋይ ፈለገ። ጭቃውን ራሱ አቦካ፣ ራሱ ደፈነ፣ ራሱ አደረቀ።

በሦስተኛው መጣ። ባዶ እግሩን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያንን የሚያህል ድንጋይ በማጅራቱ ጭኖ። የመንደሩ ሰው ሲያየው ደረቱን ደቃ። "ይሰብረዋል፣ ምስኪን" አሉ ሴቶቹ። አባ ምትኩ ከኋላው ናቸው። እንጉዳይ የሰዉን ጫጫታ ሰምታ በሯን ከፈተች። ወንድሟ ከዚያ ድንጋይ ሥር ጎብጦ ስታየው የደረቀው ዓይኗ ሞላ።

"አፉ በይኝ እታለም" አለ አንዳርጌ ተንበርክኮ።

"ይበቃል፣ ይበቃል ወንድምዬ" አለች እንጉዳይ። እያለቀሰች ወጣች። ነጠላዋን በወገቧ አጠበቀች። ከባድ ሸክም እንደሚያነሳ ሰው ጉልበቷን ሰብራ፣ ሁለት እጇን ሰዳ፣ ባላት ኃይል ሁሉ አነሳችው።

ድንጋዩ ብድግ አለ። ያን ያህል ኃይል አላሻውም ነበርና እንጉዳይ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፣ ልትወድቅ ደረሰች።

"እኔን" አለ አንዳርጌ። ልማድ ነው። ተንበርክኮ እንዳለ ነው ያለው፣ አልተነሳም።

እንጉዳይ ቆመች። እጇ ላይ ያለውን ድንጋይ አየች። በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው ጭቃው ተፈረፈረና ቀዳዳው ታየ። ወንድሟን አየች። እሱም አያት። ሕዝቡ ከሩቅ ነውና ምንም አላወቀ፣ አፉ በይው፣ አፉ በይው ይላል። እንጉዳይ ብትናገር ኖሮ አንዳርጌ ከዚያች ቀን በኋላ በአገሩ ሰው አይሆንም ነበር። አልተናገረችም።

"አፉ ብያለሁ" አለች ቀስ ብላ። ድንጋዩንም ከደጃፏ አጠገብ አስቀመጠችው።

እልልታው ቀለጠ። አባ ምትኩ መረቁ። አንዳርጌ እህቱን አቅፎ ሳመ፣ እሷም ሳመችው። በቅሎው ላይ ሲወጣ ግን ልቡ አልቀለለውም።

ከዚያ በኋላ አንዳርጌ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው። ምግብ ይቀርብለታል። ጠላ ይቀዳለታል። እንጉዳይ ብድግ ትልና "እንዴት ሰነበቱ? ይግቡ" ትለዋለች። በአንቀልባ ያዘለችውን ልጅ አንቱ ትለዋለች። "እታለም፣ አንተ በይኝ እንጂ" ሲላት፣ "ትልቅ ሰው ሆነዋል፣ ደግ አይደለም" ትለዋለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አንድ ቀን ሊወጣ ሲል ያ ድንጋይ አሰናከለው። አውራ ጣቱ ደማ። አንዳርጌ እንደ ልጅነቱ ቆም ብሎ ጠበቀ። ያቺን ቃል ነው የጠበቀው። እንጉዳይ ከእንዝርቷ ቀና አለች።

"ጠንቀቅ ይበሉ" አለችው። አልተነሳችም።

ያን ዕለት አንዳርጌ መንገዱን ሁሉ ሲያለቅስ ሄደ። በቅሎው ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ያየው መንገደኛ ነበር፣ አላፈረም። ሌላ ምንም አላማረውም። ካባም አላማረው፣ ወንበርም አላማረው። እህቱ እንደ ጥንቱ እኔን እንድትለው ብቻ ፈለገ።

ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። እውነተኛውን ድንጋይ መሸከም ነው። ግን እንዴት? ዳግመኛ ቢሸከም ሰው "የፊተኛው ምን ነበር?" ይላል። አፈረ። አዝመራ ይግባና አለ። አዝመራ ገባ። ጾሙ ይፈታና አለ። ጾሙ ተፈታ። ዘመድ የሚሰበሰብበት በዓል ይለፍ፣ ሰው አይይብኝ አለ። በዓሉም አለፈ። አልፎ አልፎ ወንዝ ይወርድና ያንን ጥቁር ድንጋይ በእጁ ዳሰስ አድርጎ ይመለሳል። ለሰው ዕርቅ ሲጠራም እኔን ማለት እየተናነቀው መጣ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የእህቱ እጅ ላይ የተፈረፈረው ጭቃ ይታየዋል።

አንድ ማለዳ መልእክተኛ መጣ። "እንጉዳይ ታማለች። ከባድ ነው።"

በዚህ ጊዜ አንዳርጌ ግብር ላይ አልነበረም። ዳስ አልነበረም፣ ካባም አልነበረም። ያን ዕለት አላፈረም። ሮጦ ወንዝ ወረደ፣ ጥቁሩን ድንጋይ አነሳ፣ ማጅራቱ ላይ ጫነና ወደ እህቱ መንገድ ጀመረ።

አንዳርጌ በእህቱ ጀርባ ከታዘለበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ያህል ሸክም ተሸክሞ አያውቅም። ድንጋዩ አንገቱን ወደ መሬት ደፋው። ከእግሩ ጣቶች በቀር ምንም አያይም። ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል። በመንገድ የሚያውቀው ሰው አገኘው።

"አንዳርጌ፣ እህትህ እያጣጣረች ነው አሉ። ጣለውና ሩጥ።"

"ሳልሸከም አልሄድም" አለ አንዳርጌ።

"ይዘገይብሃል እኮ።"

"በባዶ አንገት ስንት ጊዜ ሄጃለሁ" አለና ቀጠለ። ምስኪን። ጊዜ በነበረው ጊዜ ቀላሉን ተሸከመ፣ ጊዜ ሲያልቅ ከባዱን። መጀመሪያ በእጁ የነበረውን ቀን ሁሉ ቢጠቀምበት ኖሮ ያን ድንጋይ ደጋግሞ አድርሶ ይመለስ ነበር።

ከመንደሩ ሲደርስ ለቅሶው ተነስቷል። ሰማው። አንገቱ ስለ ተደፋ ቤቱን አላየም፣ የሰማውን ተከትሎ ሄደ። ከደጃፉ ደረሰ። "አፉ በይኝ እታለም" አለ። ሊገባ እግሩን ሲያነሳ ደጃፉ ላይ ያ ቀላሉ ድንጋይ ነበር። እሱ ራሱ ያመጣው። አሰናከለው። ከነሸክሙ በግንባሩ ተደፋ።

ማንም እኔን አላለም። ሴቶቹ ሁሉ እሷን ከበው ያለቅሳሉ። የወደቀ ሰው መኖሩንም አላዩ። አንዳርጌ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ጆሮውን ሰጠ። እንደ ልጅነቱ ጠበቀ። ከዚያ ቤት ያቺን ቃል የምትለው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች።

ደብሬ የምትባል ጎረቤቷ ቆይታ አየችው። እሷ ነበረች ያስታመመቻት። አጠገቡ ተቀመጠች።

"አሁን፣ አሁን ነው ያለፈችው" አለችው። "'መጣ?' ትለኝ ነበር። 'መንገድ ላይ ነው' እላታለሁ። 'ልጅ ሆኖም ይዘገይ ነበር' አለችኝ፣ ሳቅም አለች።"

አንዳርጌ ከመሬት ሳይነሳ ጠየቀ። "ድንጋዩን ለምን ከደጇ አላነሳችውም? ልታሳፍረኝ ነው?"

"እኔም አንሺው እላት ነበር። 'ተዪው' አለችኝ። 'እግሩ ይምታው። ሲመታው ያስበኝና እውነተኛውን ይዞ ይመጣል። ያኔ አወርድለታለሁ' አለችኝ። ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ታይ ነበር እኮ።"

  ለሰው ሁሉ ቃል የነበረው ሰው ለዚህ ቃል አልነበረውም።

ወንዶቹ አዝነውለት ድንጋዩን ሊያነሱለት እጃቸውን ሰደዱ። አባ ምትኩ ከለከሉ። "ተዉት ልጆቼ። ይህ የእሷ ሥራ ነበር።" ደብሬንም አዩዋት። "ለአንቺስ የተወችልሽ ቃል የለም?" ደብሬ አንገቷን ነቀነቀች። "አውርጂለት አላለችኝም። ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

አንዳርጌ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ከቃሬዛው ኋላ ሄደ። በዚህ ቀብር ላይ አልቀረም። አፈሩ ሲለብስ ቆሞ አየ። ሰው አንድ በአንድ "እግዜር ያጽናህ" እያለው ሄደ። እሱ ከእህቱ መቃብር አጠገብ ጎብጦ ቆመ። "አፉ በይኝ" አለ። ቆየ። "አፉ በይኝ" አለ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። "አፉ በይኝ" አለ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ድንጋዩ በትከሻው ላይ ተንሸራቶ መሬት ገባ። ወደቀ እንጂ አልወረደም።

አንዳርጌ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። አንገቱ ግን አልቀናም። ለዕርቅም ማንም ቢጠራው አልሄደም። ከእህቱ ቤት ደጃፍ ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሲሮጥ አደናቅፎት የወደቀ እንደ ሆነ፣ ያ ጎባጣ ሽማግሌ በትሩን ተመርኩዞ እየተነሳ "እኔን" ይላል። እየተነሳ። ግን ሽማግሌ ነው፣ እስኪደርስ ልጁ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ሄዷል።

በዚያች መንደር ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ሥርዓት ተጨመረ ይባላል። በዳዩ ድንጋይ አይመርጥም። የሚመርጥለት ተበዳዩ ነው። እነሱም ከባድ አይመርጡም አሉ። ተበዳይ ብዙ ጊዜ ከባድ አይመርጥም፣ የሚፈልገው እውነተኛ መሆኑን ብቻ ነው።

አበው ምን ይላሉ? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል ይላሉ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ዛሬ ለራሳችሁ አድርጉት። ከእናንተ መሃል ጠዋት ከእህቱ ጋር የተኳረፈ አለ፣ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ሳይመሽበት ይነሳ።